ጥቁሩ ጎሚኒና ቢጫው

እናቴ በሕይወት እያለች ይህን አልጻፍኩም። አሁን ሞታለች። ዋርሳዬ፣ የባሌ ታላቅ ወንድም፣ ደኅና ነው። ሰቆጣ ውስጥ ሲያልፍ ሰው ከመቀመጫው ይነሳለታል። እኔም እነሳለሁ። «እርስዎ» እንጂ «አንተ» ብዬው አላውቅም፤ ወደፊትም አልለውም። ግን እህቴን የገደላት እኔ የገዛሁት ጎማ ነው የሚለው ወሬ ላዬ ላይ እንደተቀመጠ መቃብር መውረድ አልፈልግም።

ወሬው የተነሳው ከሁለት ጎሚኒዎች ነው። መኪናን የሚሸከሙት ጎበጥ ያሉ፣ የተደራረቡ ብረቶች ባሌስትራ ይባላሉ። የባሌስትራው ጫፍ ተጠቅልሎ ቀለበት ይሠራል፤ በቀለበቱ ውስጥ ቡሎን ያልፍና ከመኪናው አጥንት፣ ከሻንሲው ጋር ይታሰራል። ብረት ከብረት እንዳይፋጭ በመካከል የሚገባው ወፍራም ቀለበት ጎሚኒ ነው። ከሕፃን ጡጫ አይበልጥም። አንድ ቤተሰብ በዚህ ነገር ይፈርሳል ብሎ የሚያስብ ሰው የለም።

እኔና ታናሽ እህቴ ሁለት ወንድማማቾች አገባን። ታናሽየው የእኔ ሆነ፣ ታላቅየው የእሷ። ባሌ አሮጌ ፒክአፕ ነበረው፤ ከሰቆጣ ወደ ኒሯቅና ወደ ፃግብጂ ሰውና እህል ይጭን ነበር። እኔ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ የመለዋወጫ ሱቅ ነበረችኝ፤ ዕቃውን ከወልድያ አመጣለሁ። ሲሸጡ መዋል ያስተምራል። ባሌም ሲሠራ አጠገቡ ያቆመኛል፤ ያልገባኝን እስኪገባኝ ድረስ ይነግረኝ ነበር። በወንድ ፊት ግን አያስተምረኝም። ይሄንንም ልናገር ብዬ ነው እንጂ ልወቅሰው አይደለም።

ጎሚኒ ሲቀይር አንድ ልማድ ነበረው። መኪናውን በክሪክ ያነሳል፣ አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን ያስገባል፣ ቡሎኑን በእጁ አቅም ያህል ብቻ ያዞረዋል። ከዚያ መኪናውን ወደ መሬት ያወርድና በር ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ይጠራል። ከገበያ የሚመለስ፣ ውኃ የሚቀዳ፣ ዶሮ የታቀፈች ሴት፣ ማንም ይሁን፣ መጫኛው ላይ ውጡልኝ ይላል። ሰዉ ይወጣና እላዩ ላይ ይቀመጣል። መኪናው ጭነት እንደያዘ ሲጎብጥ እሱ ከሥር ይገባና ቡሎኑን ያጠብቃል። ሠፈሩ ለምዶት ነበር። አንዳንዱ ሳይጠራም ይመጣል።

«ጨርሰሃል ወይስ እዚሁ እንደር?» ትለዋለች እህቴ ከላይ ሆና።

«ትንሽ ወፈር ብትዪ ኖሮ ቶሎ እጨርስ ነበር።»

«ወንድምህ መች ያወፍራል።»

ከላይ ያለው ሁሉ ይስቃል፤ መኪናው ይወዛወዛል፤ እሱ ከሥር አትሳቁ፣ ቁልፉ ይስታል እያለ ይጮሃል።

ለምን እንደዚያ እንደሚያደርግ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። «ጥቁሩ ጎማ አይንሸራተትም» አለኝ። «ብረቱን ይዞ ይጠማዘዛል፤ ከዚያ ወደ ቦታው ይመለሳል። መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቅሽው ጎማው ያንን ነው ቦታዬ የሚለው። ስታወርጂው ገና አንድ እርምጃ ሳይሄድ ተጠማዝዞ ይቆማል። ጭነት ሲጨመርበት ይቀደዳል። ጎማው አይደለም ጥፋተኛው።»

ባሌ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ታሞ ሞተ። ስለ እሱ ሞት እዚህ አልጽፍም። መኪናው በእኔ ስም ቀረ፤ መሪውን ግን ሽማግሌዎች ለዋርሳዬ ሰጡት። ሴት ከኒሯቅ ቁልቁለት ጋር አትታገልም አሉ። እኔም መንዳት አላውቅም ነበርና ቁልፉን አስረከብኩ።

ዋርሳዬ እጁ ፈጣን ነው። ፍጥነቱን ሰው እንዲያይለት ይወዳል። ጎሚኒ ሲቀይር መኪናውን በክሪክ እንዳነሳ፣ እግሩ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ቡሎኑን እስከ ጥግ ያጠብቅና እጁን ይጠርጋል። ባሌ ሰው ይሰበስብ ነበር ብለው ሲያስታውሱት «ሠርግ ነው እንዴ ሰው የምጠራው?» ይላል። ሰዉም ይስቃል። ጎሚኒዎቹ ግን ብዙ ሳይቆዩ ይቀደዱ ነበር። ሲቀደዱ ሱቄ ድረስ ይዟቸው ይመጣና ገዢ ባለበት ባንኮው ላይ ያስቀምጣቸዋል።

«ይቺን ጎማ ከየት ነው የምታመጪያት? ከቂጣ ነው እንዴ የሚሠሯት?»

«በክሪክ ላይ ሳለ ስለሚያጠብቁት ነው ጋሼ።»

«ማን አለሽ?»

«ወንድምዎ።»

«እሱ ደግሞ የት አለ?» አለኝ።

ገዢዎቹ ሲስቁ ነበር፤ ይቺን ሲሰሙ አቀረቀሩ። እሱ አላቀረቀረም።

ቢጫውን ከአዲስ አበባ ያመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አራት ነበሩ። አንዱን ባንኮዬ ላይ አስቀመጠና «ተጫኚው» አለኝ። በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ ንቅንቅ አላለም። ጥፍሬን አሳረፍኩበት፤ ምልክት አልያዘም። ዩሬቴን ይባላል አለ። ከላስቲክ ይሻላል፣ ዘይት አይበላውም፣ አንዴ ካስገባሽው መርሳት ነው አለ። ወደ ደጅ ወጥቶ ድንጋይ ላይ በመዶሻ መታው። መዶሻው ነጥሮ ተመለሰ። መናኸሪያ የሚውሉ ሾፌሮች ተሰብስበው ያደንቁ ነበር።

አንዱን ለአንድ ቀን ይተዉልኝ አልኩት። ቤት ወስጄ የባሌ ብረት መንከሻ ሞርሳ ላይ ከጥቁሩ ጋር ጎን ለጎን አስገባኋቸው። ቁመታቸው እኩል ነው። የሞርሳው ጥርስ ሁለቱንም እኩል እንዲነካ አድርጌ ማጥበቅ ጀመርኩ። ጥቁሩ ወዲያው በጎኑ አበጠ፤ ምግብ እንደያዘ ጉንጭ። ቢጫው ሞርሳውን አቆመው። እጀታውን በሁለት እጄ፣ ከዚያም በደረቴ ገፋሁት። ቢጫው ሲያቅማማ እንኳ አላየሁም። ጥቁሩን ለብቻው ባስገባው በአንድ እጄ ግማሽ ያህል እጨፈልቀው ነበር፤ ስለቀውም ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ፍርዴ እንዳይጣመም ይሄን ልናገር። ቢጫው መጥፎ ዕቃ አይደለም። ከሾፌሮቹ እንደሰማሁት መሪው አይባዝንም፣ መኪናው ኩርባ ላይ አይወዛወዝም። ናፍጣና ዘይት ላስቲኩን ሲያሟሟው ቢጫውን አይነካውም። አስፋልት ላይ ቢሆን እኔም እሸጠው ነበር። የእኛ መንገድ ግን ድንጋይ ነው። ድንጋዩ የሚሰጠውን ምት ጥቁሩ ይውጠዋል። ቢጫው አይውጥም፤ እንዳለ ወደ ላይ ያሳልፈዋል። ወደ ላይ ደግሞ ሻንሲው አለ። የእኛ መኪና ሻንሲ የኋላ ግራው ላይ፣ ባሌስትራው የሚታሰርበት ቦታ፣ ባሌ በሕይወት ሳለ ተሰንጥቆ የተበየደ ነበር።

ቢጫውን ስመልስለት ነገርኩት። «የኋላ ግራው ብየዳ ነው ጋሼ። እዚያ ላይ ጠንካራ ባይገባ።»

«ብየዳ ከዋናው ብረት ይጠነክራል።»

«ብየዳው ሳይሆን ጎኑ ነው የሚለቀው። እሱ ሲነግረኝ —»

«ነገ ደግሞ ካምቢዮም እንዴት እንደሚገባ ትነግሪኛለሽ» አለኝ፤ ሄደ። አራቱንም ከኋላ አስገባቸው። ከፊት የእኔ ጥቁሮች ቀሩ፤ እንደ ልማዱ በክሪክ ላይ ያጠበቃቸው።

ቢጫው ይጮሃል። ጥቁሩ ስለሚጠማዘዝ ድምፅ የለውም፤ ቢጫው ግን ብረቱ ላይ ስለሚዞር ግራሶ ይፈልጋል። ዋርሳዬ ግራሶ ቀብቶት ነበር። ነገር ግን የእኛ አገር ሾፌር ከመንገድ ሲመለስ የመኪናውን ሥር በናፍጣ ያጥባል፤ አቧራው እንዳይጋገር። ግራሶው ከናፍጣው ጋር ወረደ። ከዚያ በኋላ መኪናው ገና ሳይታይ ከመናኸሪያው በታች ካለው ዳገት ጀምሮ ይሰማ ነበር። ቀጭን፣ የተቆረጠ፣ የሚደጋገም ጩኸት። እህቴ ሱቄ ተቀምጣ ከሆነ ጆሮዋን ቀስራ «አይጥ ጭኖ መጣ» ትልና ድምፁን በአፍንጫዋ ታስመስለዋለች። ባሏ ሲገባ ገና ትስቅ ነበር። ምን ያስቃል ይላታል፤ ምንም ትለዋለች።

የሞተችው ለኒሯቅ ገበያ ስትወርድ ነው። ገቢና ውስጥ ለትልልቅ ሰዎች ቦታ ለቃ ከኋላ ወጣች፤ በግራ በኩል፣ ከጎማው በላይ፣ እህል የተሞላ ማዳበሪያ ላይ ተቀመጠች። ቁልቁለቱ ላይ የኋላ ግራው ተገነጠለ። መኪናው ኩርባውን አልጨረሰም። ሌሎቹ እጅ እግራቸው ተሰብሮ ተረፉ። እሷ እዚያው ቀረች። ዋርሳዬ ግንባሩ ላይ ጭረት ብቻ ነበረው። ሁለት ሴት ልጆች ነበሯቸው፤ ትንሿ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም።

መኪናውን በጭነት መኪና አምጥተው ግቢዬ ውስጥ ድንጋይ ላይ አስቀመጡት፤ በስሜ ስለሆነ። ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ ከሥሩ ገባሁ። የኋላ ግራው ቢጫ ጎሚኒ ባሌስትራው ቀለበት ውስጥ ቁጭ ብሏል። አንድ ጭረት የለበትም። አቧራውን በእጄ ስጠርገው አብረቀረቀ። የያዘው የሻንሲ ብረት ግን ከብየዳው ጎን ተቀድዶ ወጥቷል። ስብራቱ ከውጭ በኩል አዲስና ነጭ ነው፤ ከውስጥ በኩል ዝገት ይዟል። ይህ ማለት በአንድ ቀን አልተሰነጠቀም፤ ድንጋዩ ሁሉ እየመታ፣ ጩኸቱ ሁሉ እየጮኸ ቀስ በቀስ ነው የሄደው። ወደ ፊት ሄድኩ። የእኔ ጥቁሮች ጠርዛቸው ተተልትሏል። ግን ይዘዋል። አንዱም አልለቀቀም።

ዋርሳዬም መጥቶ ነበር። እኔ ለቅሶ ላይ ሳለሁ መጥቶ ከፊት አንድ ጥቁር፣ ከኋላ አንድ ቢጫ ፈትቶ ወሰደ። ድንኳኑ ውስጥ፣ እናቴ ባለችበት፣ ሽማግሌዎቹ መካከል ሁለቱን አውጥቶ አስቀመጣቸው።

«እኔ በቃሌ አልናገርም። እዩት» አለ።

ሽማግሌዎቹ ከእጅ ወደ እጅ አሳለፏቸው። እያንዳንዱ በአውራ ጣቱ ይጫናል። አንደኛው ጥቁሩን በጥርሱ ሞከረው፤ ምራቁን ተፋ።

«ይሄ እንደ ሊጥ ነው።»

«ይሄኛው ድንጋይ ነው። እስቲ አባ፣ እርስዎ ይጫኑት።»

«ኧረ እኔስ ጣቴ አይችልም። የተተለተለው የትኛው ነው?»

«ጥቁሩ።»

«ቢጫውስ?»

«ይኸው፣ ምንም አልሆነ።»

«ጥቁሩን ማነው የገዛው?» አለ የመጨረሻው። መልሱን ያውቅ ነበር። ድንኳኑ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

ተነስቼ ተናገርኩ። ጥቁሩ ከፊት የወጣ ነው አልኩ። የተገነጠለው ከኋላ ነው፣ ከኋላ ያለው ቢጫው ነው፣ መኪናው ግቢዬ ተቀምጧል፣ ኑና በዓይናችሁ እዩት አልኩ። አንደኛው ሽማግሌ እጁን በርጋታ አነሳና «ልጄ፣ ኀዘን ላይ ነሽ፤ ተቀመጪ» አለኝ። ግቢዬ ከድንኳኑ ይታያል። አንድም ሰው አልመጣም። የተቀደደ ዕቃና ያልተቀደደ ዕቃ ፊታቸው ነበር፤ የተቀደደው ጥፋተኛ ሆነ፣ ሻንሲውን የቀደደው በጥንካሬው ተመሰገነ። የሽማግሌዎቹን ስም እዚህ የማልጽፈው ስለማላስታውሰው አይደለም።

እናቴ ተነሳች። ጥቁሩን ከሽማግሌው እጅ ተቀበለች፣ ተጫነችው፣ እግሬ ሥር ወረወረችው። «ውሰጂ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእጄ ምንም አልተቀበለችም። የቀዳሁትን ውኃ አትጠጣም። ዋርሳዬ ዓመት ሳይሞላው ሌላ አገባ፤ ሁለቱ ልጆች እናቴ ዘንድ አደጉ። እኔ ልጅ የለኝም። የእህቴ ልጆች ሱቄ በር ላይ ሲደርሱ ወደ ማዶ ይሻገሩ ነበር። ታላቂቱ ናት የታናሿን እጅ የምትይዘው።

መኪናው በድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ከረመ፤ ከዚያም ብረት ገዢ ቆራርጦ ወሰደው። ጩኸቱ ግን አልሄደም። ከሰዓት በኋላ፣ ከኒሯቅ ይመለስ በነበረበት ሰዓት፣ ከዳገቱ በኩል እሰማዋለሁ። የሌላ መኪና ይሆናል ብዬ ብዙ ጊዜ ደጅ ወጥቼ አይቻለሁ። መንገዱ ባዶ ነው። ድምፁ እየቀረበ ይመጣና ሱቄ አጠገብ ሲደርስ ከጩኸት ወደ አፍንጫ ድምፅ ይለወጣል። ያኔ ዘወር አልልም። እህቴ ትቀመጥበት የነበረውን በርጩማ ወደ ጓዳ ካስገባሁት ብዙ ጊዜዬ ነው፤ ዘወር ካልኩ ግን እዚያው ባንኮው አጠገብ የማገኘው ይመስለኛል። ለማንም አልነገርኩም። ጎማዋ ሰው ገደለ ያሉኝ፣ አሁን ደግሞ አበደች እንዲሉኝ አልፈልግም ነበር።

የቀረልኝ ነገር አንድ ነበር፤ እናቴ ከመሞቷ በፊት እውነቱን እንድታውቅ። ሌላው ሰው የፈለገውን ይበል።

ዓይኗ እየደከመ መጣ፤ በመጨረሻ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የምትለየው። አንድ ቀን ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ ጥቁሩንና ከመኪናው ፈትቼ ያቆየሁትን ቢጫ፣ መዶሻም ይዤ ሄድኩ። ቤቴ ደጋግሜ ሞክሬው ነበር፤ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ።

«ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ እማ።»

«ልጆቹ የሉም።»

«ላንቺ ነው የመጣሁት።»

ከጓዳዋ ሁለት የሸክላ የድስት ክዳኖች አወጣሁና እግሯ ሥር፣ ወለሉ ላይ ደረደርኳቸው። አንደኛው ላይ ጥቁሩን አስቀምጬ በመዶሻ መታሁት። ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠ። ክዳኑን አንስቼ እጇ ላይ አደረግኩት፤ አልቀበል ስትለኝ ጭኗ ላይ ተውኩት። ዳሰሰችው። ደኅና ነበር። ሁለተኛው ላይ ቢጫውን አስቀመጥኩ፤ በዚያው አቅሜ መታሁ። ክዳኑ ተሰነጠቀና ወለሉ ላይ ተበተነ።

«ምንድነው የሰበርሽው?»

«ክዳንሽን።»

«የትኛውን?»

«አሮጌውን።»

«ሁሉም አሮጌ ነው» አለች።

ቢጫውን ጭኗ ላይ አደረግኩላት። «ዳብሺው። እሱ ምንም አልሆነም። ከሥሩ ያለው ነው የተሰበረው። መኪናውም እንዲህ ነው የሆነው እማ። ለስላሳው ምቱን ይውጣል፤ ጠንካራው ያሳልፋል።» የተዘጋጀሁት ብዙ ነበር። ስለ ብየዳው፣ ስለ ዝገቱ፣ ስለ ክሪኩ ልነግራት ነበር። ቢጫውን በጣቶቿ አዞረችው፤ በኽምጣኛ አንድ ነገር ለራሷ አለች። ከዚያ በአማርኛ፣ እንግዳ ሰው እንደምታነጋግር፣ «አውቅ ነበር» አለችኝ።

ምን እንደምታውቅ ጠየቅኳት።

«መኪናውን። በተቀበረች ማግስት ግቢሽ ገብቼ አይቼዋለሁ፤ አንቺ ድንኳን ውስጥ ነበርሽ። ያኔ ዓይኔ ደኅና ነው። ከፊት ምንም አልሆነም። ከኋላ ነው የተገነጠለው።»

«በማግስቱ አይተሽ ነው ጥቁሩን እግሬ ሥር የወረወርሽው?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«እሱ ነው ብል ልጆቹን ይዞብኝ ይሄዳል። እንጀራ እናት እጅ ይጥላቸዋል። አንቺ ነሽ ብልስ የት ትሄጃለሽ?» አለች። ድምፅዋ ላይ ምሬትም ይቅርታም አልነበረም። «የትም አልሄድሽም።»

እዚያ ቆሜ ስንት ዓመት ሙሉ ልነግራት የፈለግኩትን ነገር ሁሉ ከእኔ በፊት ታውቀው እንደነበር ለመረዳት ሞከርኩ። መዶሻው እጄ ላይ ነበር፤ መሬት አስቀመጥኩት።

«ለልጆቹ እንዳትነግሪ» አለችኝ። «አባት ነው ያላቸው። ሌላ የላቸውም።»

እሺ አላልኳትም። እምቢም አላልኳትም። ተንበርክኬ የክዳኑን ስብርባሪ በቀሚሴ መሰብሰብ ጀመርኩ፤ ልጆቹ እግራቸውን እንዳይቆርጣቸው። ስብርባሪው አልጋው ሥር ድረስ ሄዶ ነበር። እያወጣሁ ሳለሁ በሩ ጨለመ። ልጆቹ ነበሩ፤ ደብተራቸውን እንደያዙ። እኔን ሲያዩ ታላቂቱ የታናሿን እጅ ያዘች፤ ሁለቱም ደፉ ላይ ቆሙ። ታናሿ ፊቷ የእህቴ ፊት ነበር። ቀና ብዬ እስክጠግብ አየኋት፤ እሷ ግድግዳውን ታይ ነበር።

«ግቡ» አለቻቸው እናቴ፣ ሁልጊዜ በምታናግራቸው ድምፅ። «አሁን ትወጣለች።»

ወጣሁ። ልጆቹ ዛሬ ትልልቅ ሴቶች ናቸው። ማንበብ ያውቃሉ።